ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመለሳሉ፤ ምን ልበላቸው?

ጥያቄ

ሰላም፣ እንደምን ነዎት? ዓምድዎን ብዙ ጊዜ የማነበው ሌሊት ዲውቲ ላይ ሆኜ ነው። እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ 28 ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል እሠራለሁ። ከአንድ ወር በፊት ገደማ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሳለሁ፣ ባጃጅ የተገለበጠበት ወጣት በሌሊት አመጡልኝ። ሆዱ ውስጥ እየደማ ነበር። ፈሳሽ ሰጠነው፣ ደም ባንክ ደወልን፤ ለእሱ የሚሆን የተገኘው አንድ ከረጢት ብቻ ነው። ቀዶ ሐኪሙ በዚያው ሰዓት ሌላ ታካሚ ከፍቶ ኦፕሬሽን ክፍል ስለነበር ትቶ መውጣት አይችልም። ከፋርማሲያችን የጠፋውን መድኃኒት ከውጭ እንዲገዛ ለወንድሙ ወረቀት ጻፍኩለት። ልጁ ወንድሙ ሳይመለስ አረፈ።

ወንድምየው መድኃኒቱን በፌስታል ይዞ እየሮጠ ሲመጣ ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን። «አዝናለሁ፣ ልናተርፈው አልቻልንም» አልኩት። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው መነጽሬ ሲሰበር ነው። በቡጢ ነው የመታኝ። ቅንድቤ ተተርትሮ ሦስት ስፌት ገባበት። «አንቺ ነሽ የገደልሽው! እዚህ ቤት ዶክተር የለም እንዴ?» እያለ ይጮኽ ነበር። ሌሎቹ ዘመዶች ነርሷን ገፈተሯት፣ የመድኃኒት ጋሪውንም ገለበጡት። ጥበቃው አንድ አዛውንት ናቸው፤ ከዋናው በር እስኪደርሱ ሁሉም አልቋል። ቅንድቤን ጓደኛዬ ሰፋችልኝና እስኪነጋ ሠራሁ። የሚተካኝ ሰው አልነበረም።

ፖሊስ ያን ሌሊት ይዞት ሄዶ ነበር፤ ቀብር ስላለበት ጠዋት ተለቀቀ። «መጥተሽ ቃልሽን ስጪ» ብለውኛል፤ እስካሁን አልሄድኩም። ሥራ አስኪያጃችን «ሐዘንተኛ ነው፤ እንደ ባለሙያ ልትረጂው ይገባል። የሆስፒታሉም ስም አለ» አሉኝ። የሆነውን ነገር የጻፈ ሰው የለም። ባልደረቦቼም «እኛም ቀምሰናታል፣ ትለምጂዋለሽ» ብለው አለፉት።

ባለፈው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ከአከራዬ ጋር ቤቴ መጡ። አከራዬ እንደ እናቴ ናቸው፤ ዲውቲ አድሬ ስመጣ ቁርስ አስቀምጠው ይጠብቁኛል። ከሟቹ ቤተሰብ ጋር አንድ ዕድር ናቸው። ሽማግሌዎቹ «እናቱ አንዱን ቀብረው ሌላውን ለእስር እንዳይሰጡ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይ» አሉኝ። አለቀስኩ። «ላስብበት» ብዬ ሸኘኋቸው። በሚቀጥለው እሑድ ይመለሳሉ።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እጄ ይንቀጠቀጣል። አስታማሚ ሲበዛ የማስበው ስለ በሽተኛው ሳይሆን በሩ በየት በኩል እንደሆነ ነው። እዚሁ ማከም የምችለውን ሰው ሪፈር እያልኩ ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡን የማናግረው እኔ መሆኔ ቀርቷል፤ ነርሷን እልካለሁ። ይህን ለማንም አልነገርኩም። እጮኛዬ «ፈተናውን ተፈትነሽ ውጭ እንሂድ» ይለኛል። እናቴ «ነይ ወደ ቤትሽ» ትላለች።

ሌሊት የሚመላለስብኝ ግን ቡጢው አይደለም። «ቀደም ብዬ ሪፈር ብለው ኖሮ ይተርፍ ነበር?» የሚለው ነው። ጥፋቱ የእኔ ይሆን? ልታረቅ ወይስ ልክሰስ? ደግሞስ ከሰው ሕይወት አንጻር የእኔ ቅንድብ ምን አላት?

ሐኪሟ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉ የቆረቆረኝ የመጨረሻው መስመር ነው፤ «የእኔ ቅንድብ ምን አላት» ያልሽው። በዚህ አንድ ወር ሥራ አስኪያጁ ስለ ሆስፒታሉ ስም፣ ሽማግሌዎቹ ስለ ሟቹ እናት፣ እጮኛሽ ስለ ውጭ ሀገር፣ ባልደረቦችሽ ስለ ራሳቸው ነግረውሻል። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ያለሽ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ ሌላውን ከመጀመሬ በፊት እኔ ልጠይቅሽ። መነጽሩ የተሰበረው ፊትሽ ላይ እንዳለ ነው፤ የዓይን ሐኪም አይቶሻል? ራስ ምታት፣ ብዥታ አለሽ? ለማንኛውም በሽተኛ የምትጠይቂውን ለራስሽ እንዳልጠየቅሽ እጠረጥራለሁ። ካልተመረመርሽ በዚህ ሳምንት ተመርመሪ፤ ያን ሌሊት መሰፋትሽም በካርድ ላይ ካልሰፈረ የሰፋችሽ ጓደኛሽ ዛሬውኑ ትጻፈው። ወረቀቱ የሚያስፈልግበትን ምክንያት ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ግራ ያጋባሽ፣ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቋጠሮ ታስረው መምጣታቸው ይመስለኛል። አንዱ የወጣቱ ሞት ነው። ሁለተኛው የወንድሙ ቡጢ። ሦስተኛው ደግሞ ደሙም መድኃኒቱም ጥበቃውም በጎደለበት ሌሊት ብቻሽን ያቆመሽ መሥሪያ ቤት። ሽማግሌዎቹ የያዙት «ይቅር በይ» የሚለው ቃል የሚመለከተው ሁለተኛውን ብቻ ነው። አንቺ ግን በዚያች ቃል ሦስቱንም ዘግተሽ እንድትነሺ የተጠየቅሽ ያህል ከብዶሻል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ቀደም ብዬ ሪፈር ብለው» ለሚለው እኔ መልስ የለኝም፤ ሐኪም አይደለሁም። መልሱ ያለው ካርዱ ላይ ነው። ያን ሌሊት ኦፕሬሽን ክፍል የነበረውን ቀዶ ሐኪም ለግማሽ ሰዓት ያዢውና ካርዱን አብራችሁ በሰዓት በሰዓት ተመልከቱት፦ ስንት ሰዓት ደረሰ፣ ግፊቱ ስንት ነበር፣ ደሙ መቼ መጣ፣ አምቡላንሱ የት ነበር፣ እስከሚቀጥለው ሆስፒታል ድረስ ያለውን መንገድ ይችለው ነበር ወይ። ሆስፒታላችሁ የሞት ግምገማ የሚያደርግ ከሆነ ጉዳዩ እዚያ እንዲቀርብ አንቺው ጠይቂ። ምናልባት «ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር» ትባያለሽ። ምናልባትም «ይህችን ነገር ቀደም ብለን ብናደርጋት ኖሮ» የሚል ይገኝ ይሆናል። እንዲያ ቢሆን እንኳ የሚታይበት ወግ አለው፤ ቤተሰቡም ቅሬታ ካለው የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ። ያ ሰው የመታሽ ካርዱን አንብቦ አይደለም። አንቺ ግን ቡጢውን ራሱን እንደ ማስረጃ የቆጠርሽው ይመስላል፤ «ባላጠፋ ኖሮ ዝም ብሎ አይመታኝም ነበር» የሚል ድምፅ ውስጥሽ አለ። ተሳሳትኩ?

ወደ ቡጢው ስመጣ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ አእምሮዬ ላይ የቀረው ፌስታሉ ነው። ሰውየው በዚያ ሌሊት የተዘጋ ፋርማሲ እያንኳኳ፣ «ይህን ካደረስኩለት ይድናል» እያለ ነው የሮጠው። ወረቀቱን የጻፍሽለት አንቺ ነሽ፤ ሲመለስም ያገኘው አንቺኑ ነው። ደሙ ለምን አንድ ከረጢት ብቻ እንደሆነ የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ የለም። መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ መደርደሪያ ለምን እንደጠፋ፣ ቀዶ ሐኪሙ ለምን አንድ ብቻ እንደሆነ የሚመልስለትም የለም። የጎደለው ነገር ሁሉ ጋውን ለብሶ ፊቱ የቆመ መሰለው። ይህን የምልሽ እንድታዝኚለት አይደለም፤ ማዘኑንማ መቼ አጣሽው። ቡጢው በአንቺ ስም የታሰበ እንዳልነበር እንድታዪ ነው። ቢሆንም ያረፈው አንቺ ላይ ነው። ያዘነ ሁሉ ደግሞ አይማታም። በዚያው ክፍል ልጃቸውን አጥተው፣ እጅሽን ይዘው «ደክመሻል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው የወጡ ስንቶች ናቸው? ሐዘኑ መቆጣቱን ይገልጻል፤ እጅ ማንሣቱን አይፈቅድለትም።

«እዚህ ቤት ዶክተር የለም እንዴ» ማለቱንም ዝም ብዬ አላልፈውም። ሴት ሐኪሞች ጋውን ለብሰው፣ ማዳመጫ አንገታቸው ላይ አድርገው «ሲስተር፣ ዶክተሩ የት ነው?» ሲባሉ ይውላሉ። ወንድ ሐኪም ቆሞ ቢሆን ያ እጅ ይሰነዘር ነበር ወይ? እኔም አንቺም አናውቅም። ጥያቄው ከመጣብሽ ግን አጋነንኩ ብለሽ አትዋጪው።

አሁን የምለውን እንደ ወቀሳ እንዳትወስጂው አደራ። በእኛ ባህል መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። ዘመድ ተሰብስቦ ይመካከራል፤ ለቅርቡ ሰው የሚነገረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ይኬዳል፤ ግራና ቀኝ የሚይዝ ሰው ይዘጋጃል። ወድቆ እንዳይሰበር፣ በራሱም በሌላውም ላይ እጁን እንዳያነሣ ተብሎ የተበጀ ሥርዓት ነው። ሆስፒታል ውስጥ ይህ ሁሉ ወደ አንዲት ደቂቃ ይጠባል። ነጋሪዋ ሐዘንተኛው ስሟን እንኳ የማያውቃት፣ ከኋላዋ የበሽተኛ ወረፋ የተሰለፈባት ልጅ ናት፤ ቦታው ደግሞ ኮሪደር። አንቺ በዚያች ደቂቃ የምትችዪውን ተናግረሻል። ወደ ፊት ግን ከዚያ ሥርዓት ትንሽ መበደር ይቻላል። የበሽተኛው ሁኔታ መክፋት ሲጀምር ከቤተሰቡ መካከል ረጋ ያለውን ትልቅ ሰው ለይተሽ «በጣም አስጊ ነው፤ አይለዩት» በዪው። ያረፈ እንደሆነም መጀመሪያ ለእሱ ይነገር፤ እሱም ከአንቺ ጋር ሆኖ ለቅርቡ ሰው ያድርስ። አንቺ ብቻሽን አትግቢ፣ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ በሩ በአንቺ በኩል ይሁን። ያን ሌሊት እንዲህ ብታደርጊ አይመታሽም ነበር ማለቴ ግን አይደለም። እንዲህ ለማድረግ የሚሆን ክፍልም ሰውም አልነበረሽም።

ወደ ሽማግሌዎቹ እንምጣ። ሽማግልናን አቃልዬ አላይም፤ ስንት ቤተሰብ ከመጠፋፋት ያዳነ ነገር ነው። የመጡትም ለክፋት አይመስለኝም። ነገር ግን ሽማግሌ የሚቀመጠው በሁለት ወገን መካከል ነው፤ ያን እሑድ በአንቺ ወገን የተቀመጠ ማን ነበር? አባትሽ ሩቅ ናቸው። አከራይሽ ይወዱሻል፣ ግን የሌላው ቤት ዕድርተኛ ናቸው። ሳይነገርሽ፣ በእረፍት ቀንሽ፣ በገዛ ቤትሽ ተከበብሽ፤ አልቀስሽም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የሚወጣ «እሺ» ይቅርታ ይሁን ድካም ቆይቶ ራስሽም አትለዪውም። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ከልብ የሆነ ይቅርታ ለአንቺም ይበጃል፤ በድካም የተሰጠ ግን ነገ ድንገተኛ ክፍል ስትገቢ አብሮሽ ይገባል።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውዬአለሁ። ነርሷም ተገፍትራለች። ለእሷ ሽማግሌ ተልኳል? እንዳልተላከ እገምታለሁ፤ ስለ እሷ ያነሣ የለም። አንቺ ስትታረቂ የእሷም ጉዳይ አብሮ ይዘጋል? ከእሑድ በፊት አነጋግሪያት። ሁለታችሁም እኩል የተበደላችሁ ሆናችሁ ሳለ አንዳችሁ ብቻ ስትለመን የሆነ ነገር ልክ አይመጣም።

ስለዚህ እሑድ ዕለት ቁርጥ ያለ መልስ የመስጠት ግዴታ የለብሽም። እንዲህ ልትያቸው ትችያለሽ፦ «አባቶቼ፣ አክብራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሟቹን ነፍስ ይማር፣ እናቱንም ያጽናቸው። እኔ ግን በወገኔ ሰው ሳይኖር ስለዚህ ጉዳይ አልቀመጥም። ቀን ቆርጠን፣ ከቤቴ ውጭ እንገናኝ።» ከዚያ በአንቺ በኩል የሚቀመጥ ሰው አዘጋጂ፤ አባትሽ ወይም አጎትሽ መምጣት ከቻሉ ጥሩ፣ ካልሆነም ከሆስፒታሉ የምታከብሪው ትልቅ ሐኪም ይሁን። እስከዚያ ራስሽን ጠይቂ፦ ሰውየውን ማየት ትፈልጊያለሽ ወይስ ስሙ ሲነሣ እንኳ ሆድሽ ይታወካል? ከአፉ ምን መስማት ነው የምትፈልጊው? «ተናድጄ ነው» እና «አጥፍቻለሁ» ለየቅል ናቸው። የመነጽርሽን ዋጋ መጠየቅሽም ነውር አይደለም፤ ካሳ በሽማግሌ ፊት ሁልጊዜም ያለ ነው። እኔ ብሆን ደግሞ፣ የመታሽና ያዋረደሽ በሕዝብ ፊት ስለሆነ፣ ይቅርታውም እዚያው ሆስፒታል በባልደረቦችሽ ፊት እንዲሆን እጠይቅ ነበር።

በሕጉ በኩል አንድ ጠበቃ ጠይቄልሻለሁ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቀላል የአካል ጉዳት ማድረስ በመሠረቱ በተበዳዩ አቤቱታ የሚያስከስስ ነው። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዓይን ላይ ዘላቂ ነገር ካስከተለ፣ ሌላ አንቀጽ ይመጣል፤ ያኔ የአንቺ መታረቅ ብቻውን ነገሩን አይዘጋውም። ተመርመሪ፣ ወረቀት ያዢ ያልኩሽ አንድም ለዚህ ነው። በአቤቱታ ለሚያስከስሰው ደግሞ ጊዜ ተወስኖለታል፦ ድርጊቱና አድራጊው ከታወቁ ጀምሮ ሦስት ወር ነው። አንቺ አንዱን ወር ጨርሰሻል። ቃልሽን መስጠትሽ የእርቅን በር ይዘጋል ብለሽ አትስጊ፤ እርቁ ከሰመረ አቤቱታውን ስለማንሣት ዐቃቤ ሕጉን መጠየቅ ትችያለሽ። ሳትሰጪ ከቆየሽ ግን ጊዜው በራሱ ይወስንልሻል። በሽማግሌ ፊት «እዚህች ላይ ፈርሚ» የምትባል ወረቀት ከመጣች ደግሞ ያን ዕለት አትፈርሚ፤ ይዘሻት ሂጂና ለሚያውቅ ሰው አሳዪ።

ሦስተኛውን፣ የመሥሪያ ቤቱን ጉዳይ፣ ሽማግሌም ሊያስታርቅልሽ አይችልም። እኔ ከሰውየው ይልቅ ያናደዱኝ ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ ይህንን ልደብቅሽ አልፈልግም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ሚኒስቴር ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ የሚለውን ትልቅ አጀንዳው አድርጎ ይዞታል። መልካም ነው፤ ታካሚም መከበር አለበት። ነገር ግን ሐኪሟ ተደብድባ ቅንድቧ ተሰፍቶ እስኪነጋ ስትሠራ፣ «ልትረጂው ይገባል» ብሎ መሸኘት ርኅራኄን ከአንድ ወገን ብቻ መጠየቅ ነው። ደግሞም የሆነውን የጻፈ የለም አልሽኝ። ካልተጻፈ ለጤና ቢሮው አልሆነም፤ ለሚቀጥለው ዓመት በጀትም አልሆነም፤ ሁለተኛ ጥበቃ ይቀጠር ሲባል «ምን ችግር ገጠማችሁና?» ይባላል።

ባልደረቦችሽ «ትለምጂዋለሽ» ያሉሽ ነገር የአንቺ ሆስፒታል ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ሠራተኞች መካከል ከ8 እስከ 38 በመቶ የሚሆኑት በሥራ ዘመናቸው በሆነ ወቅት አካላዊ ጥቃት ይደርስባቸዋል። በዛቻና በስድብ የሚቆስሉት ከዚህ ይበዛሉ። ድርጅቱ ከዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ነገሩን የተመታው ሰው የግል ገጠመኝ አድርጎ አይወስደውም፤ የሥራ ቦታው አደጋ ነውና አሠሪው አስቀድሞ ሊከላከለው፣ ሲሆንም ሊመዘግበው ይገባል ይላል። ቱርክ ውስጥ በዚያው አቆጣጠር በ2012 ጋዚያንቴፕ ከተማ አንድ ወጣት ቀዶ ሐኪም ባረፈ ታካሚ ዘመድ ተወግቶ ሞተ። ከዚያ ወዲህ «ነጭ ኮድ» የሚሉትን አሠራር ዘረጉ፤ ባለሙያው ጥቃት ሲደርስበት ኮዱ ይጠራል፣ ጥበቃ ይደርሳል፣ ነገሩ ይመዘገባል፣ የሕግ ድጋፍም ይሰጠዋል። ጥቃቱ በዚህ ጠፋ ማለት አይደለም፤ እዚያም ሐኪሞች እያማረሩ ነው። የተመታችው ሐኪም ግን ብቻዋን ከሽማግሌ ጋር አትፋጠጥም።

እናም ደብዳቤ ጻፊ። ረጅም አይሁን፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሆነውን፣ ማን ማን እንደነበረ፣ ምን እንደተሰበረ ያለ ምሬት አስፍሪ። ከዚያ የምትፈልጊውን ጠይቂ፦ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሌሊት የሚያድር ጥበቃ፣ ለአንድ ታካሚ አንድ አስታማሚ ብቻ የሚገባበት አሠራር፣ መርዶ የሚነገርበት አነስተኛ ክፍል፣ ሲቸግር ሰው የሚጠራ ደወል። የደረሰብሽ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ሆኖ እንዲመዘገብም ጠይቂ፤ የሕክምና ወጪና የእረፍት መብት ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ነርሷና ያን ሌሊት የነበሩት አብረው ይፈርሙ፤ ብቻሽን ከፈረምሽው «የእሷ ጉዳይ» ይሆናል። በቃል እንዳትነግሪያቸው፣ በእጃቸውም እንዳትሰጪ፤ መዝገብ ቤት ወስደሽ ገቢ አስደርጊ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለበትን ቀሪ ያዢ፣ ግልባጭ ለጤና ቢሮው ይሁን። ከኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበርም ምን ሊረዱሽ እንደሚችሉ ጠይቂ። «ስም ታጠፊያለሽ» ቢሉሽ፣ ከሆስፒታሉ ስም ይልቅ የሚያሳስብሽ የሚቀጥለው ተረኛ መሆኑን ንገሪያቸው።

ስለ እጅሽ መንቀጥቀጥ። ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውነት ሲደነግጥና እንቅልፍ ሲጠፋ የተለመደ መሆኑን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ወር አልፎ ካልለቀቀ ግን መታየት እንዳለበትም ታውቂያለሽ። አንቺ አሁን እዚያ ድንበር ላይ ነሽ። በሆስፒታላችሁ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ካለና ወሬው እንዳይዞር ከፈራሽ፣ ሌላ ከተማ ሄደሽ ታዪ፤ አዲስ አበባ እናትሽን ለማየት ስትሄጂ አንድ ቀን ጨምሪ። እስከዚያው ለአንድ ወር ከድንገተኛ ክፍል ወደ ተመላላሽ ወይም ወደ አስተኝቶ ማከሚያ እንድትዛወሪ ጠይቂ። ሽሽት አይደለም፤ እግሩ የተሰበረ ሰው ሩጥ አይባልም።

ሪፈር ስለማብዛትሽና ነርሷን ስለመላክሽ ለማንም ያልነገርሽውን ለእኔ ነግረሽኛል፤ አመሰግናለሁ። ይህን አለማንሣት ግን አልችልም፤ ምክንያቱም አንቺን ከፍርሃት እያዳነ ያለው ነገር ሌላ ሰው ላይ እየወደቀ ነው። አንድ ገበሬ እዚሁ ሊድንበት ለሚችለው ነገር በሬ ሸጦ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ነርሷ ደግሞ አንድ ጊዜ ተገፍትራ ሳለ አሁን መርዶውን ብቻዋን ተሸክማለች። አላወቅሽም አልልም፤ ስላወቅሽ ነው የጻፍሽው። ለምታምኚው አንድ ባልደረባሽ ንገሪና ለተወሰነ ጊዜ ሪፈር ከመጻፍሽ በፊት ለሁለት ተመካከሩ። መርዶውንም ከነርሷ ጋር ሁለት ሆናችሁ ግቡ። አንቺም ትረጋጊያለሽ፣ እሷም ብቻዋን አትሆንም።

ውጭ ስለመሄዱ ብዙ አልልም። ትምህርትም ኑሮም ነው፤ መብትሽ ነው። ብቻ ያ ሌሊት ባይኖር ኖሮ በዚህ ዓመት ትሄጂ ነበር? አዎ ካልሽ ፈተናሽን አጥኚ። አይ ከሆነ ውሳኔውን እንቅልፍሽ እስኪመለስ አቆዪው። እጮኛሽንም «መፍትሔ አትስጠኝ፣ ዝም ብለህ ስማኝ» በዪው፤ ወንዶች ይህን ካልተነገራቸው አይገባቸውም።

የቀሩት አከራይሽ ናቸው። የእሑዱ ነገር ያስፈራሽ ግማሹ ሽማግሌዎቹ፣ ግማሹ እሳቸውን ማስቀየም ይመስለኛል፤ ቤቱም የእሳቸው፣ ቁርሱም የእሳቸው ነው። ቅዳሜ ቡና ላይ ቀድመሽ ንገሪያቸው። «ለደግ ብለው እንዳመጧቸው አውቃለሁ፤ ግን ሳይነግሩኝ ሲገቡ ደነገጥኩ። ነገ ሲመጡ ጊዜ እንደምጠይቅ ይወቁልኝ» በያቸው። ከአንቺ አፍ ቀድመው ከሰሙት እሑድ ዕለት አጠገብሽ ይቀመጡ ይሆናል። ፖሊስ ጣቢያ ግን ከእሑድ በፊት ሄደሽ ጉዳይሽን የያዘው መርማሪ ማን እንደሆነ ጠይቂ፤ የሦስት ወሩ የመጨረሻ ቀን የትኛው እንደሆነም ካላንደርሽ ላይ አሁኑኑ አክብቢበት። ደብዳቤውን መጻፍ ከከበደሽ ረቂቁን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።